ሊኑክስ ሚንት 22 ከወራት አጠቃቀም በኋላ፦ አዲሱን ሶፍትዌር ከየት እናውርድ?

ሊኑክስ ሚንት 22 የተባለው የኮምፒውተር ኦፐሬቲንግ ሲስተም እ.ኤ.አ. በሐምሌ 2024 ሲወጣ መሠረቱን ያደረገው ኡቡንቱ 24.04 የተባለውን ሌላ የሊኑክስ ሥርዓት ነው። እስከ 2029 ድረስ የደኅንነት ጥገና ይደርሰዋል። በማከማቻው (ሚንት ፕሮግራሞችን በሚያወርድበት የኢንተርኔት ክምችት) ውስጥ ያሉት ፕሮግራሞች ግን በአብዛኛው ያኔ በነበሩበት የእትም ቁጥር ይቆያሉ። ለምሳሌ የምስል ማስተካከያው ጂምፕ 3.0 በመጋቢት 2025 ወጥቷል፤ ከሚንት ማከማቻ የሚጫነው ግን ዛሬም 2.10 ነው። የቢሮ ሥራ ፕሮግራሙ ሊብሬኦፊስም በ24.2 ላይ ቆሟል። ጀማሪዎች ይህን እንደ ጉድለት ያዩታል። ለወራት በየቀኑ ስንሠራበት ግን ሚንትን የወደድንለት አንዱ ምክንያት ይኸው ነው፤ ሥርዓቱ ሳይናጋ የሚያስፈልገውን ፕሮግራም ብቻ ለይቶ ማደስ ይቻላል። ቁም ነገሩ ለየትኛው ፕሮግራም የትኛው ምንጭ እንደሚሻል ማወቁ ላይ ነው።

ፋየርፎክስን በተመለከተ ምንም ማድረግ አያስፈልግም። ኡቡንቱ ፋየርፎክስን በስናፕ (የራሱ የፕሮግራም ማሸጊያ ዘዴ) ሲያቀርብ፣ ሚንት ግን ስናፕን ከ2020 ጀምሮ ስለዘጋ ራሱ እያሸገ ያቀርበዋል። ስለዚህ አዲሱ እትም ሞዚላ ባወጣው ሰሞን በአፕዴት ማናጀር በኩል ይመጣል። የኢሜይል ፕሮግራሙ ተንደርበርድም እንደዚሁ ነው።

ለሌሎቹ ሶፍትዌር ማናጀርን ከፍተው የፕሮግራሙን ገጽ ሲያዩ፣ ከመጫኛው ቁልፍ አጠገብ «ሲስተም ፓኬጅ» ወይም «ፍላትፓክ» የሚል ምርጫ ያገኛሉ። የመጀመሪያው የቆየው እትም ነው፤ ሁለተኛው ፍላትሃብ ከተባለው የኢንተርኔት ማከማቻ የሚመጣው አዲሱ። ፍላትፓክ ፕሮግራሙን ከሲስተሙ ለይቶ አሽጎ የሚያቀርብ ዘዴ ነው። ጂምፕን፣ ሊብሬኦፊስን፣ የቪዲዮ ማቀናበሪያውን ክዴንላይቭን የመሳሰሉትን ከፍላትፓክ መጫን ይሻላል። አዲሱን ከመጫንዎ በፊት የድሮውን ያራግፉ፤ አለዚያ ሜኑው ላይ ሁለት ተመሳሳይ አዶ ይቀመጣል፣ ሰነድ ሲጫኑም የሚከፍትልዎት አሮጌው ሊሆን ይችላል። ጂምፕ ላይ አንድ ነገር ልብ ይበሉ፦ ለ2.10 የተሠሩ ተጨማሪ ፕለጊኖች በ3.0 ላይ ካልታደሱ አይሠሩም፤ በ3.0 አዳዲስ ችሎታዎች የተሠራ ፋይልም በድሮው በትክክል ላይከፈት ይችላል። ፋይል ከሌላ ሰው ጋር የሚለዋወጡ ከሆነ ሁለታችሁም በአንድ ላይ ብትሸጋገሩ ይመረጣል።

የፍላትፓክ ዋጋው ዳታና ዲስክ ነው። የመጀመሪያው ፕሮግራም ሲጫን የሚደገፍበትን ራንታይም (ፕሮግራሞች የሚጋሩትን መሠረታዊ ፋይል) አብሮ ስለሚያወርድ ብዙ መቶ ሜጋባይት ይሄዳል። ሁለተኛው ፕሮግራም ያንኑ ራንታይም ከተጠቀመ ትንሽ ብቻ ያወርዳል፤ የራንታይሙ እትም ከተለየ ግን ሌላ ይጨመራል። በሞባይል ፓኬጅ ኢንተርኔት የሚጠቀም ሰው በአፕዴት ማናጀር ምርጫዎች ውስጥ «አውቶሜሽን» በሚለው ገጽ የፍላትፓክን አውቶማቲክ አፕዴት አጥፍቶ፣ ዋይፋይ ሲያገኝ በእጁ ቢያድስ ይበጀዋል። የኒቪድያ ግራፊክስ ካርድ ያለው ደግሞ የበለጠ መጠንቀቅ አለበት፦ ድራይቨሩ (ካርዱን የሚያሠራው ሶፍትዌር) በተቀየረ ቁጥር ፍላትፓክም የዚያኑ ድራይቨር ቅጂ እንደገና ማውረድ ይኖርበታል። ቅጂው ካልወረደ ፕሮግራሙ ካርዱን ትቶ በፕሮሰሰሩ ስለሚስል ይንቀራፈፋል። የድሮዎቹ ቅጂዎች ዲስክ ላይ ሲከማቹ ተርሚናል ከፍቶ፣ «flatpak uninstall --unused» የሚለውን ትእዛዝ መስጠት ነው። 128 ጊጋባይት ዲስክ ባለው ላፕቶፕ ላይ ልዩነቱ ወዲያው ይታያል።

ፍላትፓክ ፍላሽ ዲስክ ወይም ሁለተኛ ሃርድዲስክ አላይም ሲል አልተበላሸም፤ ፈቃድ ስላልተሰጠው ነው። የፍላትፓክ ፈቃዶችን የሚያስተካክለውን ፍላትሲል የሚባል ፕሮግራም ጭነው፣ በፋይሎች ክፍል ውስጥ /media የሚለውን ፎልደር ይጨምሩለት። የአማርኛ ፎንቶችን ግን ከሲስተሙ ራሱ ስለሚያነብ አቢሲኒካም ሆነ ኖቶ ኢትዮፒክ ሌላ ጣጣ የለባቸውም፤ አዲስ ፎንት ሲጨምሩ ፕሮግራሙን ዘግቶ መክፈት ይበቃል።

ሚንት 22 ያልተረጋገጡ (ከአምራቹ ራሱ መምጣታቸው ያልታወቀ) ፍላትፓኮችን ይደብቃል፤ አንድ ታዋቂ ፕሮግራም ፍለጋ ላይ ሳይገኝ የሚቀረው ብዙ ጊዜ በዚህ ምክንያት ነው። ድብቁን ከማውጣት ይልቅ ከአምራቹ ድረ ገጽ ዴብ ፋይሉን (ለኡቡንቱና ለሚንት የሚሆነውን የመጫኛ ፋይል) ማውረድ ይሻላል ባይ ነን። ጉግል ክሮም እንዲህ ሲጫን የራሱን ማከማቻ ስለሚመዘግብ ከዚያ በኋላ ከሌሎቹ ጋር አብሮ ይታደሳል። ማከማቻ የማይመዘግብ ዴብ ግን በወረደበት ቁጥር ይቀራል። ቴሌግራም ከራሱ ድረ ገጽ ሲወርድ ራሱን በራሱ ያድሳል። አፕኢሜጅ (ሳይጫን በቀጥታ የሚከፈት አንድ ፋይል) ለሙከራ ጥሩ ነው፤ በአብዛኛው ግን አዲስ እትም መውጣቱን የሚነግርዎት የለም።

አዲስ ተጠቃሚ በብዛት የሚጋጨው ለኡቡንቱ የተጻፈ መመሪያ ኮፒ ሲያደርግ ነው። ዶከርን (የሶፍትዌር ሠሪዎች መሣሪያ) የመሰለ ፕሮግራም ማከማቻ ሲጨመር አንዳንድ መመሪያ የእትሙን ስም ከሲስተሙ ጠይቆ ያስገባል። ሚንት ደግሞ «ዊልማ» ብሎ ይመልሳል፤ 22.1 ከሆነ «ዢያ»፣ 22.2 ከሆነ «ዛራ»። አምራቹ በዚህ ስም ያዘጋጀው ነገር ስለሌለ አፕዴቱ «ሪሊዝ ፋይል የለውም» ብሎ ይቆማል። መድኃኒቱ ቀላል ነው፦ ሶፍትዌር ሶርስስን ከፍተው፣ ተጨማሪ ማከማቻዎች በሚለው ገጽ መስመሩን መርጠው፣ የሚንቱን ስም «ኖብል» በሚለው የኡቡንቱ ስም ይቀይሩ። ለሦስቱም የሚንት እትሞች የሚሠራው ይኸው ስም ነው።

ፒፒኤን (ግለሰቦች ለኡቡንቱ የሚያዘጋጁትን ተጨማሪ ማከማቻ) በተመለከተ ለአንድ ትንሽ ፕሮግራም ከሆነ ችግር የለውም። እንደ ሜሳ (የግራፊክስ ሶፍትዌር) ያሉትን፣ ሌሎች ፕሮግራሞች የሚደገፉባቸውን የጋራ ፋይሎች የሚቀይር ከሆነ ግን ጀማሪ አይንካው፤ ፒፒኤውን ቢያስወግዱም የጫነው ፓኬጅ እዚያው ይቀራል፣ ወደ ቀጣዩ እትም ሲሸጋገሩም ጣጣ ያመጣል። ገብቶ ከሆነ በሶፍትዌር ሶርስስ «ሜንተናንስ» ገጽ ላይ የውጭ ፓኬጆችን ወደ ሚንት ቁጥር የሚመልስ ቁልፍ አለ። መጀመሪያ በታይምሺፍት (በሚንት የሲስተም ቅጂ መያዣ ፕሮግራም) የሲስተሙን ቅጂ ይያዙ፣ ፒፒኤውን ያጥፉ፣ ዝርዝሩን ያድሱ፣ ከዚያ ቁልፉን ተጭነው የሚመለሱትን ፓኬጆች አንድ በአንድ አይተው ይምረጡ።