ርብ ግድብ ሲመዘን፦ የክረምቱ ጎርፍና የበጋው መስኖ በአንድ ቋት

ርብ ግድብን እንደ አንድ አገልግሎት ካየነው ደንበኞቹ ሁለት ናቸው። አንደኛው ክረምት በመጣ ቁጥር ጎርፍ የሚያሰጋው የፎገራ ሜዳ ነዋሪ ነው። ሁለተኛው በበጋ ሽንኩርትና ቲማቲም የሚያለማው ገበሬ ነው። ብዙውን ጊዜ ሁለቱም አንድ ሰው ናቸው፤ ከግድቡ የሚፈልጉት ግን አይገጥምም። ጎርፍ የሚይዝ ግድብ ባዶ ሆኖ መጠበቅ አለበት፣ መስኖ የሚያጠጣ ደግሞ ሞልቶ። ግምገማችን የሚያጠነጥነው በዚህ ላይ ነው።

ግድቡ ከጉና ተራራ ተነስቶ ወደ ጣና በሚፈሰው የርብ ወንዝ ላይ፣ ደቡብ ጎንደር ውስጥ ይገኛል። ከፍታው 73.2 ሜትር፣ የአናቱ ርዝመት 800 ሜትር ገደማ፣ የሚይዘው ውሃ 234 ሚሊዮን ሜትር ኩብ ነው። ግንባታው በ2000 ዓ.ም. ገደማ ተጀምሮ ወደ አሥር ዓመት ፈጅቷል። ዕቅዱ እስከ 20,000 ሄክታር ማጠጣት ነበር። በቅርብ ያለው ጥሩ ማነጻጸሪያ መራዊ አጠገብ ያለው የቆጋ ግድብ ነው፤ ቁመቱ 21 ሜትር ገደማ፣ ውሃው 83 ሚሊዮን ሜትር ኩብ፣ የሚያጠጣው 7,000 ሄክታር።

ውሃውን ለመሬቱ ብናካፍለው ለአንድ ሄክታር ርብ ላይ 11,700፣ ቆጋ ላይ 11,860 ሜትር ኩብ ያህል ይደርሳል። ሁለቱ እኩል ናቸው ማለት ይቻላል። እርሻው ላይ ቢተኛ ጥልቀቱ 1.2 ሜትር ገደማ ነው፣ ለስሙ የተትረፈረፈ ይመስላል። ነገር ግን ከዚህ ላይ ከመውጫው በር በታች የሚቀረው ውሃ፣ ትነት፣ በቦይ መንገድ ላይ የሚሰርገውና ማሳ ላይ ያለ አግባብ የሚፈሰው ይቀነሳል። በአገራችን የአፈር ቦይ ላይ ግማሹ ሥሩ ጋ ከደረሰ ጥሩ ነው። የሚቀረው ከ600 ሚሊ ሜትር በታች ነው። ስንዴ፣ ሽንኩርት ወይም ድንች እስኪደርስ በጥቅሉ ከ450 እስከ 600 ሚሊ ሜትር ይጠጣል። እንግዲህ ሙሉው መሬት ከለማ የግድቡ ውሃ ለአንድ የበጋ ምርት ይበቃል። በበጋ ሁለቴ አመርታለሁ ብሎ ችግኝ የሚያፈላ ሰው ሁለተኛውን የሚያጠጣው ከጎረቤቱ ድርሻ ወስዶ ነው።

ስለ ግድቡ አካል። መሃሉ ውሃ የማያሳልፍ ሸክላ አፈር ሆኖ ውጭው በሻካራ አፈርና በድንጋይ የተደገፈ ግድብ ለዚህ ቦታ ትክክለኛ ምርጫ ነው። የአፈር ግድብ ጠላቶች ሁለት ናቸው፦ በአናቱ የሚያልፍ ውሃና በሆዱ የሚሾልክ ውሃ። የመጀመሪያው ትርፍ ውሃ የሚወጣበት ማስተንፈሻ ሲደፈን ወይም ሲጠብ ይመጣል። ኮንክሪት ግድብ ላይ ውሃ ለጥቂት ሰዓት ቢያልፍ ሊተርፍ ይችላል፤ አፈሩ ግን ከታችኛው ፊት ጀምሮ እየተቦረቦረ ይናዳል። ስለዚህ ግንድና ቆሻሻ ከማስተንፈሻው መግቢያ የሚነሳው ሰኔ ከመግባቱ በፊት ነው።

ሁለተኛው የበለጠ አታላይ ነው። ማንኛውም የአፈር ግድብ ያንጠባጥባል፣ ያ ብቻውን ጉዳት አይደለም። መታየት ያለበት የውሃው መልክና መጠኑ ነው። ከግርጌ የሚወጣው ጥርት ያለ ከሆነና ከግድቡ ኋላ የተጠራቀመው ሐይቅ ከፍታ ሲጨምር ጨምሮ ሲቀንስ የሚቀንስ ከሆነ ግድቡ ውስጥ ያለው ማጣሪያ አሸዋ ሥራውን እየሠራ ነው። ከደፈረሰ የግድቡን አፈር ይዞ እየወጣ ነውና ዕለቱኑ ባለሙያ መጠራት አለበት። የሐይቁ ከፍታ ሳይጨምር ፍሳሹ ብቻ ከጨመረም እንደዚያው። መለኪያው ርካሽ ነው፦ የግርጌውን ፍሳሽ ወደ አንድ ቦይ ሰብስቦ ሹል ቅርጽ የተቆረጠለት ሰሌዳ መትከልና በየሳምንቱ የውሃውን ቁመት መመዝገብ። በአናቱ ላይ የሚታይ ስንጥቅም አቅጣጫው ይለያያል። በግድቡ ርዝመት የሄደው ብዙ ጊዜ አፈሩ ተጨምቆ ዝቅ ከማለቱ የሚመጣ ነው፣ ጎኑ መንሸራተት መጀመሩን ሊያመለክት ስለሚችል ግን ይለካል። ከሐይቁ ወደ ታች አቋርጦ የሄደው ለውሃ መንገድ ስለሚሆን አያድርም። በተዳፋቱ ላይ ሣር ይብቀል፣ ዛፍ ግን አይተከልም፤ ሥሩ ሲበሰብስ ቀዳዳ ይተዋል። ባህር ዛፍ ደግሞ ጭራሽ።

ወደ ጎርፉ እንምጣ። ነሐሴ 1998 ዓ.ም. ፎገራ ላይ የደረሰውን ጎርፍ የሚያውቅ ሁሉ ግድቡን በተስፋ ቢጠብቅ አይፈረድበትም። ሆኖም ግድቡ የሚይዘው ከተፋሰሱ ከግማሽ በታች የሆነውን፣ ከበላዩ ያለውን ክፍል ብቻ ነው። ከግድቡ በታች የሚገቡት ገባሮች እንደ ቀድሞው ይመጣሉ። ጉማራ ሌላ ወንዝ ነው፣ ርብ ግድብ አይነካውም። ከጣና ዳር ባለው መሬት ላይ ደግሞ ጣና ራሱ ሲሞላ፣ በተለይ ወደ መስከረም፣ የወንዙ ውሃ መግቢያ ስለሚያጣ ወደ ኋላ ይተኛል። በዚያ ላይ የታችኛው ርብ ወለል ለዘመናት በደለል ከፍ እያለ መጥቷል፤ ዳርና ዳሩ የተሠራው የአፈር ክትርም ደለሉ ሜዳው ላይ እንዳይበተን አግዶ ወንዙ ውስጥ እንዲቀር አድርጓል። ወረታ አካባቢ ከወንዙ አሸዋ የሚያወጡት ሰዎች ሳያስቡት ወንዙን እየጠረጉለት ነው፤ ክትሩ ሥር ቆፍረው እንዳይንዱት መቆጣጠር ያሻል እንጂ ሥራውን መከልከል ጥቅም የለውም።

ዋናው ነገር ግን ይህ ነው። ግድቡ ሐምሌና ነሐሴ ላይ ጎርፍ የሚውጠው በሰኔ ባዶ ቦታ ካለው ነው። ያንን ባዶ ቦታ የሚፈጥረው ደግሞ ከኅዳር እስከ ግንቦት ውሃውን የሚጠጣው መስኖ ነው። ቦዩ ካልተጠናቀቀና ውሃው ለማሳ ካልተለቀቀ የግድቡ ሐይቅ ክረምቱን የሚቀበለው ገና ከጅምሩ ሞልቶ ነው፤ ያኔ የመጣው ጎርፍ ትንሽ ተረጋግቶ በማስተንፈሻው ያልፋል እንጂ አይቀርም። የርብ የቦይ ሥራ ከግድቡ ኋላ መቅረቱ የመስኖ ጉዳይ ብቻ ተደርጎ መወራቱ ስህተት ነው፤ የጎርፍ መከላከያውም አብሮ ቀርቷል። እስከዚያው መፍትሔው በሚያዝያና በግንቦት በታችኛው መውጫ ውሃ እየለቀቁ ቦታ ማስለቀቅ ነው። ውሃ ማባከን ይመስላል፣ ነገር ግን የክረምቱ ዝናብ አንድ ወቅት ስለሆነና ስለማይቀር ሐይቁ እንደገና የመሙላት ዕድሉ ሰፊ ነው።

አንድ ነገር ግን እዚህ ላይ ሳይነሳ አይታለፍም፦ ፎገራ የሩዝ አገር ነው። በደርግ ዘመን ከሰሜን ኮሪያ ባለሙያዎች ጋር የተጀመረው ሩዝ ሜዳውን የያዘው የተኛውን ውሃ ስለሚወድ ነው። ውሃው ሲሸሽ በቀረው እርጥበት ጓያና ሽምብራ ይዘራል፣ ጣና ዳር ሐይቁ ሲሸሽ የሚወጣው መሬት፣ ባሕር ሸሹ፣ ይታረሳል። ስለዚህ ጎርፍን ጨርሶ ማጥፋት ግብ ሊሆን አይገባም። የሚፈለገው በአንድ ሌሊት ቤትና ከብት የሚወስደው ደራሽ እንዲቀንስ፣ ቀስ ብሎ የሚተኛው ውሃ ግን እንዲቀጥል ነው። ለዚህ ለዚህ ግድቡ ጥሩ መሣሪያ ነው።

የመስኖ አቅርቦቱ ደካማው ክፍል ነው። ከግድቡ የሚለቀቀው ውሃ በቀጥታ ወደ ቦይ አይገባም፤ በወንዙ ተጉዞ ወደ 30 ኪሎ ሜትር ዝቅ ብሎ ባለው መቀልበሻ ይጠለፋል። በዚህ መሃል ሞተር ፓምፕ ያለው ሁሉ ከወንዙ ይስባል። ክፋት አይደለም፣ ውሃ በደጁ ሲያልፍ ያየ ያጠጣል። ግን የፓምፖቹ ቁጥርና ሰዓት ካልተመዘገበ መቀልበሻው ላይ የሚደርሰውን ማንም አያውቅም። የውሃ ተጠቃሚዎች ማኅበር ከመቀልበሻው በታች ብቻ ሳይሆን በወንዙ ዳር ያሉትንም ካላቀፈ ፕሮግራም ማውጣቱ ድካም ነው።

ሜዳው መረሬ አፈር ነው። ሲረጥብ ያብጣል፣ ሲደርቅ እጅ የሚያስገባ ስንጥቅ ያወጣል። ኮንክሪት በቀጥታ ከተለበጠበት በጥቂት ዓመት ይነሳል፣ መገጣጠሚያው ይከፈታል። ከሥሩ ተቆርጦ ቢያንስ ግማሽ ሜትር የማያብጥ አፈር ተሞልቶና በስሱ ተደርድሮ ከተጠቀጠቀ በኋላ ነው መለበጥ ያለበት። ርክክብ ላይ የሚቆም የማኅበር ተወካይ ሊጠይቅ የሚገባው ይህንን ነው፤ ልባሱ ማማሩን ሳይሆን ከሥሩ ያለውን።

ከቆጋም የሚወሰድ አለ። እዚያ ዋናው ቦይ ሌሊቱን የሚያመጣውን ውሃ ለቀን የሚያቆዩ 12 የሌሊት ማጠራቀሚያዎች አሉ። ሐሳቡ ግሩም ነው፣ ገበሬ በሌሊት አያጠጣምና። ነገር ግን ማጠራቀሚያዎቹ ሲያሾልኩ፣ መዝጊያዎች ሲሰበሩና ከቦይ ራስ ያለው በፈለገ ሰዓት ሲከፍት ጭራው ላይ ያለው ማሳ ይደርቃል። ርብ ላይ የቦይ ጥርጊያው በጥቅምት፣ ውሃ ከመለቀቁ በፊት ይጠናቀቅ፤ የመዝጊያው ቁልፍ ውሃ በሚያከፋፍለው በየውሃ አባቱ እጅ ይሁን፤ ተራውም ከጭራ ወደ ራስ ይጀምር። ከራስ የሚጀምር ተራ ውሃው ባነሰ ዓመት ጭራ ላይ አይደርስም።