ቀጭን ሶል፣ ስምንት ወር፣ 460 ኪሎ ሜትር

«ልክ እንደ ባዶ እግር» ነው የሚባልለትን ቀጭን ሶል የሩጫ ጫማ ከካርቶኑ እንዳወጣሁት ጠቅልዬ የጃኬቴ ኪስ ውስጥ ከተትኩት። እንደ ካልሲ ተጠቅልሎ ገባ። ቤት ላሉት ሁሉ እያሳየሁ ሳቅኩ። በስድስተኛው ሳምንት ግን ሳቁ ጠፋ። እሱን እደርስበታለሁ።

አስቀድሜ ስለ ዕቃው ልንገራችሁ። ሶሉ 5 ሚሊ ሜትር ጎማ ነው። ከውስጥ 3 ሚሊ ሜትር የሚወጣ ገበር አለው። ተረከዙና ፊቱ እኩል ከፍታ ላይ ናቸው። የለመድነው የሩጫ ጫማ አብዛኛውን ጊዜ ተረከዝን ከፊቱ ከ8 እስከ 12 ሚሊ ሜትር ያህል ከፍ ያደርጋል። አንዱ እግር 190 ግራም ይመዝናል፤ የድሮው ጫማዬ 290 ነው። የእግርን ቅስት የሚደግፍ ነገር የለውም። ተረከዝን የሚይዝ ደረቅ ነገርም የለውም። ጣት ጋ ግን ሰፊ ነው፤ ፊቱ ሹል ሳይሆን የእግር ቅርጽ አለው። እንደ ጓንት ጣት በጣት የሚገባበትንም ዓይነት ከጓደኛዬ ተውሼ ሞክሬ ነበር። ትንሿ ጣቴ በየጠዋቱ አልገባም ብላ ስታስቸግረኝ ለጓደኛዬ መለስኩላት።

እኔ ለራሴ ደስታ የምሮጥ ሰው ነኝ። በሳምንት አምስት ቀን፣ በድምሩ 45 ኪሎ ሜትር አካባቢ። ከረጅም ሩጫ በኋላ የግራ ጉልበቴ ከሎሚው ስር ይጠዘጥዘኛል። ጫማውን የገዛሁት ለዚህ ነው። ለዚህና፣ እውነቱን ለመናገር፣ ለአበበ ቢቂላ ስል።

ባዶ እግር ሲነሳ የአበበ ስም አይቀርም። እ.ኤ.አ. በ1960 ሮም ላይ ማራቶኑን በባዶ እግሩ ሮጦ 2፡15፡16 ገባ። እኔም ገንዘቤን ከማውጣቴ በፊት ራሴን ያሳመንኩት በእሱ ነው። ያኔ ያላሰብኩት ነገር፣ ይኸው ሰው በ1964 ቶኪዮ ላይ ጫማ አድርጎ 2፡12፡11 መግባቱን ነው። ሁለቱም በጊዜያቸው የዓለም ፈጣን ሰዓት ነበሩ። የባዶ እግር ወዳጆች ሮምን ያነሳሉ፣ ቶኪዮን ይዘሏታል። እኔም ዘልያት ነበር።

ወደ ሩጫው። የመጀመሪያው ቀን 2 ኪሎ ሜትር ብቻ ነበር። አንድ መቶ ሜትር ሳልሄድ አረጋገጤ ተለወጠ። በወፍራሙ ጫማ ተረከዜን ቀድሜ ነበር የማሳርፈው። በዚህኛው ተረከዝ አስፋልቱን ሲመታ እስከ መንጋጋ ይሰማል። ማንም ሳይነግረኝ እርምጃዬ አጠረ፣ ቶሎ ቶሎ ሆነ፣ እግሬ በመሃሉ ማረፍ ጀመረ። ሰዓቴ ላይ ሳየው በደቂቃ 162 የነበረው እርምጃዬ 174 ደርሷል። የሃርቫርዱ ዳንኤል ሊበርማንና ባልደረቦቹ እ.ኤ.አ. በ2010 ኔቸር በተባለው የሳይንስ መጽሔት ላይ ያሳተሙት ጥናት የሚለውም ከዚህ ጋር ይሄዳል። ባዶ እግር መሮጥ የለመዱ ሰዎች ብዙውን ጊዜ በፊት እግራቸው ያርፋሉ፤ መሬት ሲነኩ የሚመጣው ድንገተኛ ምትም ያንሳል። ይህ ግን በሁሉም ሰው ላይ አይሠራም። እ.ኤ.አ. በ2013 በሰሜን ኬንያ ባዶ እግራቸውን በሚሄዱ የዳሰነች ሰዎች ላይ የተሠራ ሌላ ጥናት፣ በዝግታ ሲሮጡ አብዛኞቹ በተረከዛቸው እንደሚያርፉ አሳይቷል። እንግዲህ «ትክክለኛው አረጋገጥ ይህ ብቻ ነው» የሚላችሁ ሰው ካለ ሳቅ በሉበት።

በማግስቱ ባቴ ድንጋይ ሆነ። ደረጃ ስወርድ መደገፊያውን በሁለት እጄ ይዤ፣ ወደ ጎን ዞሬ፣ አንድ በአንድ። አራት ቀን እንዲህ ሆንኩ። ምክንያቱ ቀላል ነው። በፊት እግር ስናርፍ ሸክሙ ከጉልበት ይነሳና ባትና የተረከዝ ጅማት ላይ ይወርዳል። የትም አይተንም። ለታመመ ጉልበት ይህ ጥሩ ዜና ነው። የተረከዝ ጅማቱ ለሚያመው ሰው ግን በጣም መጥፎ ዜና ነው፤ እንዲህ ያለ ችግር ያለባችሁ ይህን ጫማ ባታስቡት ይሻላል። በስኳር ሕመም ምክንያት የእግራቸው ስሜት የቀነሰም እንደዚሁ።

አሁን ወደ ስድስተኛው ሳምንት። ባቴ መታመሙን አቁሟል። በዚህ ጫማ ብቻ በሳምንት 30 ኪሎ ሜትር ደርሻለሁ። ልቤ አበጠ። እሑድ ጠዋት ተነስቼ 16 ኪሎ ሜትር አስፋልት ሮጥኩ። ምንም አልተሰማኝም። ማታ ላይ የቀኝ እግሬ ጀርባ፣ ከመካከለኛው ጣት በላይ ያለው ቦታ፣ ሞቅ ሞቅ ይለኝ ጀመር። ሰኞ ጫማ ማድረግ አቃተኝ።

ፊዚዮቴራፒስቱ ጠና ያሉ ሰው ናቸው። በአውራ ጣታቸው አንዷን አጥንት ጫን ሲያደርጓት ከአልጋው ልነሳ ምንም አልቀረኝም።

«በዚህ ጫማ ስንት ጊዜሽ ነው?»

«ስድስት ሳምንት።»

«በፊትስ በባዶ እግርሽ ትሮጪ ነበር?»

«አይ።»

ጫማውን አንስተው እንደ ወረቀት አጠፉት። «ጡንቻሽ ለምዷል፣ አጥንትሽ ገና ነው» አሉኝና ለኤም አር አይ ላኩኝ። አጥንቱ አልተሰነጠቀም። መቅኔው ግን አብጧል፤ ትንሽ ብገፋበት ወደ ስንጥቅ ይሄድ ነበር። አምስት ሳምንት ሩጫ የለም ተባልኩ። ብስክሌት ብቻ። ብስክሌት አልወድም።

በዚያ የአምስት ሳምንት እስር ላይ ሆኜ ሳነብ፣ የእኔ ነገር ብርቅ እንዳልሆነ ገባኝ። እ.ኤ.አ. በ2013 የታተመ አንድ ጥናት ልምድ ያላቸውን ሯጮች ለ10 ሳምንት ተከታትሏል። ቀስ በቀስ ወደ ባለ አምስት ጣቱ ጫማ ከተሸጋገሩት መካከል ከግማሽ በላይ በሚሆኑት ላይ የእግር አጥንት መቅኔ እብጠት ጨምሮ ታይቷል። «ቀስ በቀስ» የምትለዋ ቃል ላይ ቆሜ ቀረሁ። እነሱ ቀስ ብለውም እንዲህ ከሆኑ የእኔ የ16 ኪሎ ሜትር እሑድ ምን ሊባል ነው? የዚያው ዓይነት ጫማ አምራች የሆነው ቪብራም አሜሪካ ውስጥ ስለ ጤና ጥቅሙ ባስተዋወቀው ነገር ተከሶ፣ ጥፋቱን ሳያምን፣ እ.ኤ.አ. በ2014 በ3.75 ሚሊዮን ዶላር ክሱን በስምምነት ጨርሷል። የእኔን ጫማ የሠራው ሌላ ነው። ካርቶኑ ላይ የተጻፈው ግን ያው የተለመደው «እግርዎን ያጠነክራል» ነበር። በስንት ወር እንደሆነ አይናገርም።

ስመለስ በሌላ መንገድ ጀመርኩ። ጫማውን ትቼ፣ ሳር ላይ፣ በባዶ እግሬ፣ አምስት ደቂቃ። ከዚያ አስር። አንድ ቀን ደፍሬ ለስላሳ አስፋልት ላይ ወጣሁ። 800 ሜትር ላይ ውስጥ እግሬ ተቃጠለ። አቆምኩ። ማቆሙን የወሰንኩት እኔ አይደለሁም፣ ቆዳዬ ነው። በስምንት ወር ውስጥ ከገባኝ ነገር ሁሉ ለእኔ ትልቁ ይህ ነው።

ባዶ እግር የሚሮጥ ሰው ፍሬን አለው። አጥንቱ ከመጎዳቱ በፊት ቆዳው ይጮሃል። ውሃ ይቋጥራል፣ ይላጣል፣ ያስቆማል። 5 ሚሊ ሜትር ጎማ ግን ያንን ፍሬን ይነቅለዋል። ቆዳ ዝም ይላል። ምቱ ግን አጥንት ጋ ይደርሳል፤ አጥንት ደግሞ የሚናገረው ነገሩ ካለቀ በኋላ ነው። ስለዚህ «ልክ እንደ ባዶ እግር» የሚለው ማስታወቂያ ልክ አይመስለኝም። ወፍራሙ ጫማ ምቱን ለማለዘብ ይሞክራል፣ ባዶ እግር ያስጠነቅቃል። ቀጭኑ ጫማ ሁለቱንም አያደርግም። እንደ መሸጋገሪያ ነበር የገዛሁት፤ አሁን ሳስበው ከሦስቱ ብዙ ጥንቃቄ የሚፈልገው እሱ ነው።

አልጣልኩትም ታዲያ። በሳምንት ሁለት ቀን አደርገዋለሁ፣ በአንዴ ከ8 ኪሎ ሜትር አላልፍም። ከዚያ በፊት አስር ደቂቃ በባዶ እግር ሳር ላይ አሟሙቃለሁ። ረጅሙን ሩጫና የፍጥነት ልምምዱን በወፍራሙ ጫማ እሠራለሁ። ጉልበቴ? ተሽሎታል፣ በጣም። ማንን እንደማመሰግን ግን አላውቅም። ጫማውን? ያጠረውን እርምጃዬን? ወይስ የአምስት ሳምንቱን ዕረፍት? እርምጃዬ በወፍራሙ ጫማም አሁን 170 አካባቢ ነው። ምናልባት ያለ ጫማው፣ አጭር እርምጃ በመለማመድ ብቻ፣ እዚሁ እደርስ ነበር።

ሳልጠብቀው የወደድኩት የጣቱን ስፋት ነው። ጣቶቼ ሲያርፉ ይበተናሉ፣ አውራ ጣቴ መሬቱን ይይዛል። አሁን የሥራ ጫማዬን ሳደርግ ጣቶቼ የታፈኑ ይመስለኛል። አንድ ሰው «ከሁለቱ አንዱን ምረጪ፣ ቀጭን ሶል ወይስ ሰፊ ጣት?» ቢለኝ ዓይኔን ሳላሽ ሰፊ ጣት እላለሁ። ሰፊ ጣት ያለው ወፍራም ጫማም ገበያ ላይ አለ፤ ዛሬ ብጀምር እዚያ ነበር የምጀምረው። ስትለኩ ቆማችሁ ለኩ፣ ቢቻል ማታ፣ እግር ቀኑን ሙሉ ቆሞ ትንሽ ሲያብጥ።

ስለ ጥንካሬው ብዙ የምለው የለም። ወፍራም ጫማ ከ500 እስከ 800 ኪሎ ሜትር ውስጥ ስፖንጁ ይሞታል ይባላል። እዚህ የሚሞት ስፖንጅ የለም። ከሩጫው ሌላ ብዙ ተራምጄበታለሁ፤ ሶሉ ከትንሿ ጣት ስር ብቻ ሳሳ ብሏል። ገበሩን በሁለተኛው ወር አውጥቼ ጣልኩት፣ ይንሸራተት ነበር። ያለ ካልሲ ከተሮጠበት ይሸታል፣ ያውም አደገኛ ሽታ። በእጅ ታጥቦ ግን በአንድ ሌሊት ይደርቃል። እርጥብ ሴራሚክ ላይ ያንሸራትታል። በብርድ ጠዋት ጣት ያደነዝዛል። ኮረኮንች ላይ ሹል ጠጠር ስትረግጡ የማታውቁትን ቃል ትናገራላችሁ።

ቀድሞ ያለቀው ከላይ ያለው ጨርቅ ነው። በአምስተኛው ወር የቀኙ ትንሿ ጣት ጋ ተቀደደ። በወፍራም ክር ሰፋሁት። የክሩ ቀለም ስላልገጠመ ከሩቅ ይታያል፣ የሩጫ ጓደኛዬም «ጫማሽ ስፌት ወጥቶለታል» እያለች ትቀልዳለች። ባለፈው ሳምንት ሳየው ከስፌቱ አጠገብ ሌላ ቀዳዳ ተከፍቷል። እስኪጣል ድረስ በሳምንት ሁለት ቀኑን እቀጥላለሁ። ቀጣዩን ስገዛ ጎማው ትንሽ ወፈር ያለ፣ ጣቱ ግን እንደዚሁ ሰፊ የሆነ እፈልጋለሁ።