«የፈረንሳይ ነው» እያሉ የሚሸጡላችሁን ቀይ ወይን ሳታዩ እንዳትገዙ

ከባሕር ዳር እስከ ደብረ ማርቆስ ሰርግ ያለባችሁ ሁሉ፣ ልብ በሉ። «ኮት ዱ ሮን ነው፣ ከዱቲ ፍሪ የወጣ» እያሉ በግማሽ ዋጋ የሚሸጡት ወይን አለ። እኔ 12 ጠርሙስ ገዝቼ ተበልቻለሁ። የሚያናድደኝ ደግሞ ስድስት ዓመት ሆቴል ውስጥ ወይን ስቀዳ የኖርኩ ሰው መሆኔ ነው።

የታናሽ ወንድሜ ቅልቅል ነበር። ባሕር ዳር አንድ ግሮሰሪ ገባሁ። ልጁ ትሁት፣ አንደበቱ ማር። አንዱን ጠርሙስ 1,900 ብር አለኝና ከካርቶኑ ጋር አንዲት ካርድ ሰጠኝ፦ «ከጣና ዓሣ፣ ከዶሮ ወጥና ከክትፎ ጋር ይስማማል»። ከሁሉም ጋር የሚስማማ ወይን የት አለ? እዚያው መንቃት ነበረብኝ፤ ግን መኪናው ውጭ እየጠበቀኝ ነበር።

ቤት ስንደርስ የመጀመሪያው ቡሽ ያለ ትግል ብቅ አለ። ገልብጬ ሳየው ሁለት ቀዳዳ አለው። አንዱ የእኔ መክፈቻ አሁን የበሳው ነው፤ ሌላው የቆየ፣ ዙሪያው የጠቆረ። ከእኔ በፊት ሌላ ሰው ከፍቶ ጠጥቶታል ማለት ነው። ስቀምሰው ስኳር ስኳር አለኝ። አክስቴ ጠጅ እየጣለች የምትኖር ሴት ናት፤ አንዴ ፉት አለችና «ኧረ ይሄስ ጌሾ የረሳው ብርዝ ነው!» ብላ ብርጭቆውን መለሰችልኝ።

ልክ ናት። ቀዩ ኮት ዱ ሮን ደረቅ ወይን ነው፣ ስኳር ስኳር አይልም። ደቡብ ፈረንሳይ፣ ሮን ወንዝ ሸለቆ ከሚበቅሉ የወይን ዘሮች ይቀየጣል። ብዙውን ጊዜ ግሬናሽ ይበዛበታል፤ የፍሬውን ጣዕምና አልኮሉን የሚያመጣው እሱ ነው። ሲራ ቀለሙንና የቁንዶ በርበሬ ሽታውን፣ ሙርቬድር ደግሞ ጉልበቱን ይጨምሩለታል። ስሙ ከ1937 እ.ኤ.አ. ጀምሮ በፈረንሳይ ሕግ የተጠበቀ ስለሆነ መለያ ወረቀቱ ላይ «አፔላሲዮን» (በሕግ የተጠበቀ የቦታ ስም ማለት ነው) የሚል ቃል መኖር አለበት። የእኔው ላይ እሱ የለም፤ «ዱ» የሚለውም «ዴ» ተብሎ ተጽፏል። በዚያ ላይ ከአንድ ካርቶን የወጡት አምስቱ ጠርሙሶች ትከሻቸው ቀጥ ያለ፣ ሰባቱ የወረደ! ቆራሌው ከየሆቴሉ የለቀማቸው ባዶ ጠርሙሶች ይመስሉኛል። ውስጡ ምን እንደተሞላ ደግሞ እግዜር ይወቀው፤ ለዚህ ነው ከገንዘቡ ይልቅ ለጤናችሁ የምሰጋው።

የካርዷም ምክር አያዋጣም። ቀይ ወይን ከዓሣ ጋር ብዙ ጊዜ አፍ ውስጥ ብረት ብረት ይላል። 14 በመቶ አልኮል ያለው ወይን ዶሮ ወጥ ላይ ሲጠጣ ደግሞ በርበሬውን ያፋፍመዋል። ትክክለኛውን ካገኛችሁ ለበግ ጥብስ አድርጉት፣ የጥብስ ቅጠል ጣል አድርጋችሁበት። ደቡብ ፈረንሳይ፣ ፕሮቫንስም በግ የሚጠበሰው በዚሁ ቅጠል ነው። አልጫ ቅቅልም ይሄድለታል።

ለልጁ ደወልኩለት። «ችግር የለም ጋሼ፣ ደረሰኝዎን ይዘው ይምጡ» አለኝ። ሲሸጥልኝ ደረሰኝ አልሰጠኝም፣ እኔም አልጠየቅኩም። አዋጅ ቁጥር 813/2006 ነጋዴ ደረሰኝ እንዲሰጥ ያስገድዳል፤ እናንተ ሳትቀበሉ ከበሩ እንዳትወጡ። ካርቶኑን እዚያው አስከፍቱና የጠርሙሶቹን ቅርጽ አስተያዩ። የአንገቱ ሽፋን የተጨማደደ ከሆነ ተዉት። ሆቴል የምትሠሩ ወንድሞችና እህቶች ደግሞ ባዶውን ለቆራሌው ከመስጠታችሁ በፊት መለያውን ቅደዱልን።

ዘጠኙ ጠርሙስ ሳይከፈት ጓዳ ተቀምጧል፤ ልጆች እንዳይነኩት «አይጠጣም» ብዬ ለጥፌበታለሁ። ሰኞ ከነቡሹ ይዤው ንግድ ጽሕፈት ቤት እሄዳለሁ። ሰርገኛው የአክስቴን ጠጅ ጠጥቶ ነው የሄደው።