ክቡ የአሳ ክር መጠቅለያ፦ ቀለበቱን ግዙ፣ ክሩን ተዉት

የምሠራው ባሕር ዳር ነው፤ ኦፕራሲዮን ክፍል ውስጥ ስክራብ ነርስ ነኝ፤ ለሐኪሙ መሣሪያና የመስፊያ ክር አቀብላለሁ። ከሥራ ውጭ ያለኝ ሱስ ጣና ዳር ተቀምጦ አሳ ማጥመድ ነው። እዚያም እዚህም ውሎዬ ከክር ጋር ስለሆነ፣ በዚህ ዕቃ ላይ ትንሽ ነገረኛ ብሆን አትፍረዱብኝ።

ዕቃው ክብ የፕላስቲክ መጠቅለያ ነው። መሀሉ ክፍት ነው፣ ስፋቱ ትንሽ ሰሃን ያህላል፣ ጠርዙ ላይ ክር የሚያርፍበት ቦይ አለው። ዘንግ የለው፣ ማሽን የለው። በአንድ እጅ ቀለበቱን ትይዛላችሁ፣ በሌላው እርሳሱንና መንጠቆውን ትወረውራላችሁ፣ ክሩ በጠርዙ በኩል እየተፈታ ይሄዳል። ከገበያ የገዛሁት ከክር፣ ከመንጠቆና ከአንዲት መቁረጫ ጋር በአንድ ፌስታል ታሽጎ ነው። ዋጋው ከግማሽ ኪሎ ሥጋ አይበልጥም።

እዚህ አብዛኛው ሰው ክሩን የሚጠቀልለው በሃይላንድ ነው። እኔም እንደዚያው ነበርኩ። ሃይላንድ ነጻ ነው፣ ከእጅ ቢያመልጥም አይሰምጥም። ችግሩ ጠባብነቱ ነው። ናይለን የተጠቀለለበትን ቅርጽ አይረሳም። ጠባብ ነገር ላይ ከርሞ ሲፈታ ቀለበት ቀለበት እየሠራ ይወጣል፣ ይጠላለፋል፣ አሳ ሲነካው እጅ ላይ አይሰማም። ክቡ መጠቅለያ ሰፊ ስለሆነ ክሩ ቀጥ ብሎ ነው የሚወጣው። ለዚህ ብቻ ገንዘቡን ይመልሳል።

አንድ ማሸጊያው ላይ ያልተጻፈ ነገር ግን አለ። ክሩን ስትሰበስቡ ቀለበቱን አታዙሩ፤ ቀለበቱን ቀጥ አድርጋችሁ ይዛችሁ እጃችሁን በዙሪያው አዙሩ። ክሩ ሲወረወር በጠርዙ በኩል ነው የሚወጣው፤ በዚህ ጊዜ በእያንዳንዱ ዙር አንድ ጊዜ ይጠመዘዛል። በእጅ ዙሪያውን ከጠቀለላችሁት ያንን ጥምዘዛ አስቀድማችሁ በተቃራኒው ሰጥታችሁታል፣ ይጣፋል። ቀለበቱን እያዞራችሁ ከሰበሰባችሁት ግን ጥምዘዛው በየውርወራው እየተጠራቀመ ሄዶ መፍታት የማይቻል ቋጠሮ ይሆናል። ዳር ላይ ቁጭ ብለው ክር እየፈቱ የሚራገሙ ልጆች ስታዩ ምክንያቱ ይኸው ነው።

አሁን ወደ ክሩ። ማሸጊያው 100 ሜትር ይላል። የጣና ጥልቁ ቦታ 14 ሜትር ገደማ ነው፤ ከዳር ለሚወረውር ሰው ግማሹ ትርፍ ነው። እሱስ ይሁን። ክሩን ግን በሁለት ጣት ይዤ ሳንሸራትተው ይሻክራል፣ አንዱ ቦታ ወፍራም ሌላው ቀጭን ነው። ቋጠሮው ላይ ደግሞ ወዲያው ይበጠሳል። ለሻጩ ብነግረው «ወንድሜ፣ ክር ክር ነው» አለኝ።

ክር ክር አይደለም። የክንድ ደም ቅዳ ተቆርጦ የመጣ ሰው ሲሰፋ የማቀብለው ፖሊፕሮፒሊን የሚባል የፕላስቲክ ክር፣ በመጠኑ 6-0 የምንለው፣ ውፍረቱ ከ0.1 ሚሊ ሜትር በታች ነው። እሱም እንደ ናይለኑ ነጠላ ክር ነው፣ እሱም ቅርጹን አይረሳም፣ ያንሸራትታል፤ ስለዚህ ሐኪሙ ስድስት ሰባት ጊዜ ይቋጥረዋል። ክሩን በብረት መያዣ መጭመቅ ክልክል ነው፣ የተጨመቀው ቦታ ይደክማል። የአሳ ክርም ያው ነው፤ በጥርስ አትንከሱት። ከማጥበቃችሁ በፊት ደግሞ ቋጠሮውን በምራቅ አርጥቡት። ደረቅ ናይለን ሲጠብቅ በፍትጊያ ይሞቅና ይዳከማል።

ቋጠሮና የደም ሥር ከተነሳ የቀዶ ሕክምና ሐኪሙን ቶማስ ፎጋርቲን ሳልጠቅስ አላልፍም። የአሜሪካዋ ሲንሲናቲ ልጅ ነው። በወጣትነቱ ዘመን የረጋ ደም የእግር ደም ቅዳን ሲዘጋ፣ ሐኪሞች በረጅሙ ቀደው ነበር የሚያወጡት። ብዙ ሰው እግሩን፣ ብዙ ሰው ነፍሱን ያጣ ነበር። ፎጋርቲ የጓንት ትንሿን ጣት ጫፍ ቆርጦ ካቴተር የሚባል፣ ደም ሥር ውስጥ የሚገባ ቀጭን ቱቦ ላይ ሊገጥማት ፈለገ፤ ማጣበቂያ ሁሉ እምቢ አለው። ከልጅነቱ ጀምሮ አሳ ያጠምድ ነበርና፣ መንጠቆ ላይ ላባ በክር አስሮ የውሸት ዝንብ መሥራት ያውቅበታል። በዚያው አተሳሰር አሰራት። ካቴተሩ የረጋውን ደም አልፎ ይገባል፣ የጓንቷ ጫፍ እንደ ፊኛ በፈሳሽ ትነፋለች፣ ወደ ኋላ ሲሳብ ደሙን ጠርጎ ይወጣል። እ.ኤ.አ. በ1960ዎቹ መጀመሪያ ሰው ላይ ዋለ፣ በ1969 የፈጠራ መብት አገኘ። ዛሬም እኛ ጋ «ፎጋርቲ አቀብለኝ» ይባላል።

ይህን ለአንድ የዘጌ አዛውንት አጥማጅ አጫወትኳቸው። ዶክተር ነው የሚሉኝ፤ ነርስ ነኝ ብል አይሰሙኝም። «ታዲያ አጥማጅ ካልሆነ ቋጠሮ ማን ያውቃል፣ ዶክተር?» አሉና ወደ ታንኳቸው ዞሩ።

ቀለበቱ አንድ አደጋ ይቀንሳል። ሃይላንድ ሲያስቸግር ሰው ክሩን እጁ ላይ ይጠመጥማል። ትልቅ አምባዛ ሲጎትት ናይለን ጣት ይቆርጣል። ክቡ መጠቅለያ ጥሩ መያዣ ስላለው ጉተታውን ይችላል። ድንገት ከተቆረጣችሁና ደሙ ፊን እያለ ከመጣ፣ ቡና አትነስንሱበት። ንጹሕ ጨርቅ አድርጋችሁ አጥብቃችሁ ተጫኑ፣ ደቂቃ በደቂቃ እየገለጣችሁ አትዩ፣ እየተጫናችሁ ወደ ጤና ተቋም ሂዱ። ክንድ ወይም እግር ላይ ሆኖ በመጫን አልቆም ካለ ብቻ ከቁስሉ በላይ ሰፋ ባለ ጨርቅ ጥብቅ አድርጋችሁ እሰሩ፤ የታሰረበትን ሰዓት ጻፉ። በቀጭን ናይለን እንዳታስሩ፣ ሥጋ ይበላል።

የቀለበቱ ጉድለት መስመጡ ነው። እኔ መሀሉ ላይ የቡሽ ቁራጭ አስሬበታለሁ። ክሩን ለብቻው ግዙ፤ ለቆሮሶ ቀጭን፣ ለአምባዛ ወፈር ያለ፣ ከመክፈላችሁ በፊት ሱቁ ውስጥ አንድ ቋጠሮ ቋጥራችሁ ሳቡት። ሻጩ ካኮረፈ ሌላ ሱቅ አለ። አብራ የመጣችው መቁረጫ ደግሞ ገና ውሃ ሳይነካት ዛገች፤ የቤታችሁ ጥፍር መቁረጫ በስንት ጣዕሙ።