«አየሽ እህቴ፣ ደረሰ!» ብሎ 35 ሺህ ብሬን ይዞ ሄደ

ለቢሯችሁ ሜይል ሰርቨር፣ ማለትም ኢሜይል የሚቀበልና የሚልክ ማሽን፣ ልታስተክሉ ያሰባችሁ ካላችሁ፣ ይቺን ሳታነቡ አትክፈሉ። ንዴቴ ገና አልበረደም።

የዚህን «ኢንጂነር» ዓይነት ታውቁታላችሁ። ካሜራ ይገጥማል፣ ፕሪንተር ይጠግናል፣ ሰርቨርም ይተክላል። «ደረሰኝ ከፈለግሽ 15 በመቶ ይጨመራል» አለኝ። እኔ ብልጧ ደረሰኙን ተውኩት።

አሁን ያቺን ደቂቃ ስሙኝ። ወንበሬ ላይ ተቀመጠ። ከ«ኢንፎ» አድራሻችን ወደ «ሽያጭ» አድራሻችን «ቴስት» ብሎ ላከ። ወዲያው ስክሪኑ ላይ ብቅ አለ። «አየሽ እህቴ፣ ደረሰ!» ደስ ብሎኝ ማኪያቶ አዘዝኩለት። ጠጥቶ ሳይጨርስ 35 ሺህ ብሩን በቴሌብር ላክሁለት። ለካ ሁለቱም አድራሻዎች ያሉት እዚያው አንድ ማሽን ላይ ነው! መልእክቱ ከቢሮዬ በር እንኳ አልወጣም። ከቀኝ ኪሴ አውጥቶ ግራ ኪሴ ከተተልኝ፣ እኔም አጨበጨብኩለት።

ከውጭ አንድም ኢሜይል አልገባም። ላኪው ሰርቨር በሩ ተዘግቶ የሚመልስለት ሲያጣ ቶሎ ተስፋ አይቆርጥም፣ ለቀናት ይሞክራል። የዱባዩ አቅራቢያችን የላከው ፕሮፎርማ በአምስተኛው ቀን ተመለሰበት። እኔ ደግሞ ዋጋ ሊጨምር ነው የጠፋው እያልኩ ሳማው ሰነበትኩ።

ለኢንጂነሩ ስደውልለት «ሪሌዩ ነው፣ ቀላል ነው» አለና መጥቶ ሰርቨሩ ሴቲንግ ውስጥ አንድ መስመር ቀየረ። ምንም ለውጥ የለም። በሌላ ቀን ተመልሶ የኔትወርካችን ዘበኛ በሆነው ፋየርዎል ላይ ፖርት 25ን፣ ኢሜይል ከውጭ የሚገባበትን በር፣ ወደ ሰርቨሩ ከፈተ። ኢሜይል መግባት ጀመረ፤ ለዚህም 8 ሺህ ብር ጨመርኩለት፣ አይገርምም?

ያቺን መስመር ግን እንደቀየራት ትቷት ሄዷል። ሪሌይ በኛ ሰርቨር በኩል ወደ ውጭ ማን ይላክ የሚለውን ነው የሚወስነው፤ ከሚገባው ኢሜይል ጋር ምን አገናኘው? እሱ 0.0.0.0/0 ብሎ ለዓለም ሁሉ ፈቅዶታል። ፖርቱ ሲከፈት ቅዳሜና እሁድን ሰርቨራችን የማናውቀውን ሰው የመድኃኒትና የሎተሪ ማስታወቂያ ሲያከፋፍል ከረመ። ሰኞ አይፒያችን፣ ማለትም የኢንተርኔት አድራሻ ቁጥራችን፣ የስፓም ላኪዎች ጥቁር መዝገብ ውስጥ ገብቷል፣ ለደንበኞቻችን የላክነው ሁሉ እየተመለሰ ነው። መስመሯን ወደ ውስጥ ኔትወርካችን ብቻ የመለሰልኝ የጎረቤት ቢሮ ልጅ ነው። አሥር ደቂቃ አልፈጀበትም።

ኢንጂነሩ ቢሮ ድረስ ሄድኩ። ሪሴፕሽኗ ማስቲካዋን እያኘከች፣ ቀና ብላም ሳታየኝ፦ «ኢንጂነሩ ፊልድ ወጥቷል። ደረሰኝ ይዘሻል?»

በሉ፣ ከመክፈላችሁ በፊት ስልካችሁን ከቢሮው ዋይፋይ አውጡና ከራሳችሁ ጂሜይል ወደ አዲሱ አድራሻ ላኩ፤ ከዚያም ከአዲሱ አድራሻ ወደ ጂሜይላችሁ መልሱበት። ማኪያቶውን ከዚያ በኋላ እዘዙ።