84 የጨረር ፍሬዎች ይዤ አገር ቤት ስገባ፦ የሦስት ሳምንት የአገልግሎት ግምገማ

በታኅሣሥ መጨረሻ 2017 ዓ.ም. ከገና በፊት ገብቼ እስከ ጥምቀት ማግስት አገር ቤት ቆይቻለሁ። ስለ አውሮፕላኑ፣ ስለ ማረፊያው፣ ስለ ታክሲው፣ ስለ ክሊኒኩና ስለ መድኃኒት ቤቱ የምጽፈው የፕሮስቴት (በወንዶች ከፊኛ በታች ያለ እጢ) ካንሰር ታክሞ በማገገም ላይ ያለ የ63 ዓመት ሰው እንደመሆኔ ነው። እንደ እኔ ያለ መንገደኛ የሚጠይቀው ጥያቄ ከሌላው ሰው ይለያል፤ ከምግቡና ከአልጋው በፊት ሽንት ቤቱ የት እንደሆነ፣ በሩ ክፍት መሆኑንና ችግሩን ለማን መንገር እንደሚችል ማወቅ ይፈልጋል።

የምኖረው ሜሪላንድ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ ነው። በአሜሪካ ከጥቁር ወንዶች መካከል ከ6 አንዱ በዕድሜ ዘመኑ ይህ በሽታ እንደሚገኝበት የቤተሰብ ሐኪሜ ነግሮኝ የፒኤስኤ (ከፕሮስቴት የሚመነጭ ፕሮቲን በደም ውስጥ ምን ያህል እንዳለ የሚለካ) የደም ምርመራ ባያዝልኝ ኖሮ ምንም የሚያመኝ ነገር ስላልነበረ አላውቀውም ነበር። ከፕሮስቴቴ ናሙና ተወስዶ ካንሰር ተገኘ፤ ግሊሰን የሚባለው፣ የካንሰሩን ኃይለኛነት የሚያሳየው ውጤት 3+4፣ ማለትም 7 ሆነ። በጥቅምት 2016 ዓ.ም. ማደንዘዣ ተሰጥቶኝ 84 ፍሬዎች በመርፌ ፕሮስቴቴ ውስጥ ተቀመጡ፤ በዚያው ዕለት ማታ ቤቴ ገባሁ። እያንዳንዱ ፍሬ ከሩዝ ፍሬ የሚያንስ የቲታኒየም ቅርፊት ሲሆን በውስጡ ጨረር የሚያመነጭ አዮዲን 125 አለ። ጨረሩ በየ60 ቀኑ ገደማ በግማሽ እየቀነሰ ይሄዳል፤ ቅርፊቱ ግን ዕድሜ ልክ እዚያው ይቀራል።

እዚህ ላይ አንድ የቋንቋ ነገር ማንሳት አለብኝ። ለዘመዶቼ በመጀመሪያ በስልክ ያስረዳሁት «የጨረር ዘር ተተከለልኝ» ብዬ ነበር፤ ታላቅ እህቴ ደንግጣ «ዘር ደግሞ በሰው ላይ እንዴት ይተከላል? ይበቅላል እንዴ?» አለችኝ። ከዚያ ወዲህ «ፍሬ» እላለሁ፣ ሰውም ቶሎ ይገባዋል። አማርኛ ተናጋሪ ለሆኑ ታካሚዎች የሚያስረዱ ነርሶችና አስተርጓሚዎችም ይህን ቢያስቡበት እወዳለሁ።

ከዋሽንግተን ዲሲው ዳለስ (Dulles) አውሮፕላን ማረፊያ እስከ አዲስ አበባ ያለው የኢትዮጵያ አየር መንገድ ቀጥታ በረራ 13 ሰዓት ገደማ ይፈጃል። ከመነሳቴ አስቀድሞ በጣም ያስፈራኝ ይህ ነበር፤ ምክንያቱም ከሕክምናው በኋላ ባሉት የመጀመሪያ ወራት ሽንቴ በየሰዓቱ ይመጣ፣ ያቃጥለኝና አንዳንድ ጊዜም አልወጣ ይለኝ ነበር፤ ከዓመት በኋላ በእጅጉ ቢሻለኝም ረጅም መቀመጥ ያባብሰዋል። ትኬቱን ስቆርጥ ከመተላለፊያው ዳር፣ ከመጸዳጃው ሁለት ረድፍ ርቆ ያለውን መቀመጫ መረጥሁ። ስገባ ደግሞ አስተናጋጇን ወደ ጎን ጠርቼ «ልጄ፣ የፕሮስቴት ሕክምና አድርጌያለሁ፤ ቀበቶ እሰሩ የሚለው መብራት በርቶም ሊያስቸግረኝ ይችላል» አልኋት። አላፈረችም፣ እኔንም አላሳፈረችኝም። «አባባ፣ ምልክት ብቻ ይስጡኝ፤ አየሩ ጸጥ ሲል እኔው እነግርዎታለሁ» ብላ እስከ መጨረሻው ቃሏን ጠበቀች። የነቢያት ጾም ስለነበረ ያመጣችልኝን የጾም ምግብ በልቼ ቡናውን ተውሁት፤ ቡና፣ አልኮልና ብዙ በርበሬ ፊኛን እንደሚያስቆጡ በራሴ ላይ አይቻለሁና። ስመለስ አውሮፕላኑ ነዳጅ ለመሙላት በመንገድ ላይ ስላረፈ ጉዞው ረዘመ፤ ይህን አስቀድሞ ማወቅና መድኃኒትን በእጅ ሻንጣ መያዝ ያስፈልጋል።

ሆስፒታሉ ፍሬዎቹ መቼ እንደተቀመጡና ምን ዓይነት እንደሆኑ የሚገልጽ ትንሽ ካርድ ሰጥቶኛል፤ በአንዳንድ የጉዞ መግቢያዎች የጨረር መለኪያ የያዙ ፈታሾች ስላሉ ነው። ካርዱ በእንግሊዝኛ ብቻ በመሆኑ ጀርባው ላይ በአማርኛ አጭር ማብራሪያ ጽፌ ለጠፍሁበት። በሄድሁባቸው ፍተሻዎች ሁሉ ምንም አልጮኸም፤ ከ15 ወር በኋላ ከመነሻው ጨረር የቀረው ከመቶ አንድ እንኳ አይሞላም። ካርዱ ይልቁንም የጠቀመኝ ቤተሰብ መካከል ነው። ነፍሰ ጡር የሆነች የእህቴ ልጅ ሰላም ልትለኝ ፈርታ ከበሩ ቆመች። በመጀመሪያዎቹ 2 ወራት ሕፃን ጭኔ ላይ እንዳላስቀምጥና ነፍሰ ጡር አጠገብ ብዙ እንዳልቆይ ታዝዤ እንደነበር፣ ያ ጊዜ ግን ካለፈ ከዓመት በላይ እንደሆነ ቀኑን ከካርዱ አሳይቼ ሳስረዳት መጥታ አቀፈችኝ። ይህን ሳላደርግ ብሄድ ኖሮ ሦስቱን ሳምንት በሙሉ ስትሸሸኝ ትቆይ ነበር።

ስለ ማረፊያው አጭር ልሁን። ቦሌ አካባቢ የያዝሁት የእንግዳ ማረፊያ ንጹሕና ጸጥ ያለ ቢሆንም ውኃ በሳምንት ሦስት ሌሊት ጠፍቷል፤ ጠባቂውን ቀስቅሶ በባልዲ ማስቀዳት ሌሊት አራት ጊዜ ለሚነሣ ሰው ከባድ ነው። እንደ እኔ ያለ ሰው ክፍል ሲይዝ ማጠራቀሚያ ታንከር መኖሩን ብቻ ሳይሆን ውኃው እስከ ክፍሉ ድረስ ሌሊትም መድረሱን ይጠይቅ።

በከተማው ውስጥ የተዘዋወርሁት በራይድ ነው። ሾፌሮቹ አብዛኞቹ ወጣቶች ናቸው፤ ገና ስገባ «መንገድ ላይ ሽንት ቤት ልፈልግ እችላለሁ» እያልሁ ስነግራቸው አንዳቸውም ፊታቸውን አላጠቆሩም። «ችግር የለም ፋዘር፣ አባቴም እንደዚሁ ነው» ያለኝ ልጅ ለሁለት ቀን ሥራዬን ሁሉ የያዘልኝ እሱ ሆነ። ከአራት ኪሎ ወደ ፒያሳ በእግሬ ስሄድ ደግሞ በአዲሱ የእግረኛ መንገድ አጠገብ ያገኘሁትን የሕዝብ መጸዳጃ ጥቂት ብር ከፍዬ ተጠቅሜበታለሁ፤ ውኃ ነበረው፣ የምታጸዳው ሴት ከበሩ አልራቀችም። በ2016 ዓ.ም. «ጽዱ ጎዳና ኑሮ በጤና» ተብሎ ለሕዝብ መጸዳጃ ማሠሪያ ገንዘብ ሲሰበሰብ ከሩቅ ሆኜ ሰምቼ ነበር። በዕድሜ ለገፋና ፕሮስቴቱ ለታመመ ሰው አንድ መጸዳጃ ማለት ከቤት መውጣትና አለመውጣት ማለት ነው፤ ከዋናው ጎዳና ራቅ ባሉ ሰፈሮችም ቢስፋፋ ከልቤ እመኛለሁ።

ገናን ያከበርሁት ቢሾፍቱ፣ ታላቅ ወንድሜ ቤት ነው። ወደ አዳማ የሚወስደው ፈጣን መንገድ ጊዜ ቢቆጥብም እንደልብ የሚቆምበት አይደለም፤ ስለዚህ ሾፌሩ በዱከም በኩል በአሮጌው መንገድ እንዲወስደኝ ጠየቅሁት፣ በዚያ ነዳጅ ማደያና ካፌ አይጠፋም። ማታ ከወንድሜ ጋር አንድ ክፍል ስናድር እሱም አራት ጊዜ ሲነሣ ሰማሁት። ስጠይቀው «የዕድሜ ነገር ነው» አለኝ። ዕድሜው 68 ነው። ወንድሙ የታመመበት ሰው ለዚህ በሽታ ያለው ተጋላጭነት ከሌላው በእጥፍ እንደሚበልጥ እያወቅሁ፣ ታክሜ ከተነሣሁ ከዓመት በኋላም ቢሆን እሱን አለመጠየቄ እንቅልፍ ነሳኝ።

ወደ አዲስ አበባ በተመለስሁ በሦስተኛው ቀን ሽንቴ እንደገና ማቃጠል ጀመረና ወደ አንድ የግል ክሊኒክ ሄድሁ። ካርድ ክፍሉ ፊት ለፊት ሃያ የሚሆን ሰው ተቀምጧል፤ ጸሐፊዋ በመስኮቱ በኩል ከፍ ባለ ድምፅ ምን እንዳመመኝ ጠየቀችኝ። ወረቀት ላይ ጽፌ ሰጠኋት፣ እሷ ግን አንብባ ጮክ ብላ ደገመችው። ብዙ አባቶች እዚህ መስኮት ላይ «ወገቤን ነው» ብለው የሚመለሱት በዚህ ምክንያት ነው ብዬ አምናለሁ፤ መፍትሔው ደግሞ አንድ መጋረጃና ዝቅ ያለ ድምፅ እንጂ ገንዘብ የሚጠይቅ አልነበረም።

የሽንት ምርመራው ኢንፌክሽን እንዳለ አሳየ፤ ፒኤስኤዬም 1.5 ሆኖ ተገኘ። ከሕክምናው በፊት 7.8 የነበረው በዓመቱ 0.7 ደርሶ ስለነበር ወጣቱ ሐኪም ካንሰሩ መመለሱን ነግሮኝ በፊንጢጣ በኩል ናሙና እንዲወሰድ በዚያው ሳምንት ቀጠሮ ሊሰጠኝ ፈለገ። ሜሪላንድ ያለው ሐኪሜ ግን ጨረር የነካው የፊንጢጣ ግድግዳ በቀላሉ ስለማይድን ሳያማክሩት በዚያ በኩል ምንም እንዳይወሰድ አጥብቆ አስጠንቅቆኝ ነበር። እጄ እየተንቀጠቀጠ ወረቀቴን ይዤ ወጣሁ። ያን ሌሊት ያሳለፍሁት በመቁጠር ነው፤ የልጆቼን ዕድሜ፣ የቤቴን ዕዳ፣ የቀረኝን ዓመት።

በማግስቱ ወዳጆቼ ወደ ሌላ ሆስፒታል፣ ዕድሜያቸው ወደገፋ የሽንት ቧንቧና የፕሮስቴት ስፔሻሊስት ወሰዱኝ። ከሦስቱ ሳምንት አገልግሎት ሁሉ የላቀውን ያገኘሁት ከእሳቸው ነው። በር ዘግተው፣ ወንበራቸውን ወደ እኔ አቅርበው፣ ውጤቶቼን በቅደም ተከተል ጻፏቸው። ፍሬ ከተቀመጠላቸው ሰዎች በአንዳንዶቹ ላይ በመጀመሪያዎቹ ሁለት ዓመታት ቁጥሩ ከፍ ብሎ ያለምንም ሕክምና ተመልሶ እንደሚወርድ፣ የሽንት ኢንፌክሽንም ብቻውን ቁጥሩን ከፍ ሊያደርገው እንደሚችል፣ ከዚህም በላይ ሁለት ላቦራቶሪዎች በሁለት ዓይነት መሣሪያ ሲለኩ ቁጥሩ እንደሚለያይ አስረዱኝ። ካንሰሩ ተመልሷል ብሎ ለመጠርጠር የሚያገለግለው መለኪያ ከዝቅተኛው ቁጥር ላይ 2 ሲጨመር ነው፤ የእኔ ዝቅተኛ 0.7 ስለሆነ መስመሩ 2.7 ነው ብለው በእስክሪብቶ አሰመሩልኝ። «አሁን ኢንፌክሽኑን እናክማለን፤ ፒኤስኤውን ከሦስት ወር በኋላ እዚያው የተለመደው ላቦራቶሪ ያሠሩ» አሉኝ። በሚያዝያ ሳሠራ 0.8 ሆኖ አገኘሁት።

ፀረ ተሕዋሱን የገዛሁበት ፋርማሲ ስለ ታምሱሎሲንም ጥሩ ምክር ሰጥቶኛል። የሽንት መውጫውን የሚያላላልኝን ይህን መድኃኒት በየቀኑ 0.4 ሚሊግራም እወስዳለሁ፤ በስሙ ሳይሆን በእሽጉ ስም ብጠይቅ ኖሮ አላገኘውም ነበር፣ እዚያ ያለው በሌላ ስም የታሸገ ነው። ፋርማሲስቷ የምጾም መሆኔን ጠይቃ ከምግብ በኋላ ስለሚወሰድ ወደ ማታ እንዳደርገው፣ የደም ግፊት ስለሚያወርድም ከስግደት ስነሣ ቀስ እንድል መከረችኝ። ይህን አሜሪካ ያለ ማንም አልነገረኝም፤ አምልኮዬን የሚያውቅ ባለሙያ ብቻ ነው ሊያስበው የሚችለው። በጥምቀት ዕለት ጃንሜዳ ጧት ደርሼ ጸበሉን ተረጭቼ፣ ሕዝቡ ሳይበዛ በአቅራቢያው ወዳለ የዘመድ ቤት ገባሁ።

ከመመለሴ ሁለት ቀን ቀደም ብሎ ወንድሜን ወደ ላቦራቶሪ ወሰድሁት። መንገድ ላይ «ሰው ምን ይላል» እያለ ነበር፤ መስኮቱ ጋ ስንደርስ ግን እኔ አፌን ሳልከፍት «የፕሮስቴት ምርመራ ነው እህቴ» አለ። ውጤቱ 5.9 ወጣ። እኚያው ስፔሻሊስት በየካቲት ናሙና ወስደው ካንሰር መኖሩን፣ ነገር ግን ግሊሰን 6፣ ቀስ ብሎ የሚሄደው ዓይነት በመሆኑ ለጊዜው ጨረርም ቀዶ ሕክምናም ሳያስፈልገው በቅርብ ክትትል ሊቆይ እንደሚችል ነገሩት። የሚቀጥለው ምርመራው በሐምሌ ነው፤ የእኔም በሐምሌ ስለሆነ ደማችንን በአንድ ሳምንት እሱ አዲስ አበባ፣ እኔ ሜሪላንድ ሰጥተን ቁጥራችንን በስልክ ልንነጋገር ተስማምተናል።