ዶሎሬስ እና መርሴዲስ፦ ከማርያም መጠሪያ የወጡ ሁለት የስፔን ስሞች

ሁለቱም የሴት ስሞች ከድንግል ማርያም መጠሪያዎች የወጡ፣ በብዙ ቁጥር የተነገሩ የስፓኝኛ ቃላት ናቸው። ዶሎሬስ «ሐዘኖች» ማለት ሲሆን፣ ማርያም በልጇ ምክንያት የተቀበለቻቸውን ሰባት ሐዘኖች ያስታውሳል፤ የሚገርመው ቃሉ በስፓኝኛ ሰዋስው የወንድ ጾታ መሆኑ ነው። «ምሕረቶች» የሚል ትርጉም ያለው የመርሴዲስ ታሪክ ግን ይበልጥ ጠመዝማዛ ነው፤ የላቲን ሥሩ ደመወዝን ወይም ዋጋን የሚያመለክት ሲሆን፣ በ1218 እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ፔድሮ ኖላስኮ በባርሴሎና የመሠረተው፣ በዚሁ የማርያም መጠሪያ የሚጠራው የመነኮሳት ማኅበርም ምርኮኞችን በገንዘብ ይዋጅ ነበር። እኛ በመኪናነቱ የለመድነው ስም እንኳ የነጋዴው የኤሚል ዬሊኔክ ሴት ልጅ መጠሪያ ነበር። መርሴዲስ ሲቆላመጥ ሜርቼ፣ ዶሎሬስ ደግሞ ሎላ ይሆናል፤ ሐዘኑን ከነድምፁ የሚያስረሳው ይህ ቁልምጫ ባይኖር ኖሮ፣ ስሙ ለሕፃን በጣም የሚከብድ ይመስለኛል።